ግብር ሰብሳቢ ያጸደቀው ስም

ለንደን ውስጥ ልጅ የተወለደለት ሰው በ42 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ከወንድ ልጅ ክርስትና ሁለት ቀን ብቻ ይረዝማል። ክርስትናው አያስቸግርም፤ ቄሱም፣ ክርስትና አባቱም፣ ዶሮ ወጡም በቦታቸው አሉ። የሚያስቸግረው መዝጋቢዋ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የልጁ ሰርኔም ማን ነው?»

አባትየው አበበ ከበደ ይባል እንበል። ፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም ተሰማ ስላለበት እንግሊዞች «ሚስተር ተሰማ» እያሉ ደብዳቤ ይልኩለታል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቶ ተሰማ ጎጃም ውስጥ ካረፉ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እናትየው ሐና ግርማ ናት፤ አገር ቤት ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልምና አሁንም ሐና ግርማ ናት። ሕፃኑ ማን ይባል? በወጉ ከሆነ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው «አበበ» ነው። ያኔ ግን አባት «ተሰማ»፣ እናት «ግርማ»፣ ልጅ «አበበ» ሆነው በአንድ ቤት ሦስት ቤተሰብ የሚኖር ይመስላል። እናት ልጇን ብቻዋን ይዛ ስትጓዝ የድንበር መኮንኑ ዝምድናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ሊጠይቃት ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች «ተሰማ ይሁን» ብለው ይገላገላሉ። ከዚያ በኋላ የልጁ ልጅም፣ የልጅ ልጁም ተሰማ ነው። አበበ የሚባል አባት እንደነበረ ከስሙ ላይ የሚያነብ አይኖርም።

ይህ ጣጣ በየጊዜው አንድ ክርክር ይቀሰቅሳል። «ኢትዮጵያም እንደ ሠለጠነው ዓለም ቋሚ የቤተሰብ ስም ሊኖራት ይገባል» የሚሉ አሉ። እንግሊዛዊው ስሚዝ ስሙን ከአያት ቅድመ አያት ወርሶ ሥሩን ያውቃል፣ ሐበሻው ግን በየትውልዱ ስም እየቀያየረ ሥሩ ይጠፋበታል ይላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ላይ ማንም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዳለው ተጽፏል። ሕጉ ከወጣ ስልሳ ዓመት አለፈው። ሕዝቡ ግን ልጁን በአባቱ ስም መጥራቱን አልተወም።

የእንግሊዝን ላስት ኔም እንደ ሥልጣኔ ምልክት የሚያዩ ሰዎች አንድ ነገር የጠየቁ አይመስሉም፤ ያ ስም ራሱ ከየት መጣ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዛዊ አንድ ስም ብቻ ነበረው። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው አገሩን ሲይዙ የራሳቸውን ስሞች ይዘው መጡ፦ ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ፣ ሄንሪ። ጥቂት ትውልድ ሳያልፍ ገበሬውም ልጁን በገዢው ስም መጥራት ጀመረ። የጥንቶቹ የሳክሰን ስሞች አንድ በአንድ ጠፉ። ውጤቱን መገመት አይከብድም፤ አንድ መንደር ውስጥ አሥር ዊልያም፣ አሥር ጆን ተፈጠረ። ሰው በምን ይለይ? ጎረቤት በሚያውቀው ነገር ነዋ። «የጆን ልጅ ዊልያም»፣ «ከኮረብታው ሥር ያለው ዊልያም»፣ «አንጥረኛው ዊልያም»፣ «ቀዩ ዊልያም»። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ከበደ ያለበት ሰፈር «ከበደ ሾፌሩ»፣ «ከበደ ቀጮ» እንደሚለው ማለት ነው። ስሙ የሰውየው እንጂ የልጁ አልነበረም። አንጥረኛው ሲሞት ልጁ ዳቦ ጋጋሪ ከሆነ ስሙ ቤከር ይሆናል።

ዛሬ ከእንግሊዝ ስሞች አንደኛ የሆነው ስሚዝ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው። ኩፐር በርሜል ሠሪ፣ ፍሌቸር የቀስት ፍላጻ ሠሪ፣ ፖተር ሸክላ ሠሪ። ሃሪ ፖተር በአማርኛ ሃሪ ሸክላ ሠሪው መሆኑ ነው። ክላርክ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሶ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ነበር። የቀድሞው የኒውካስል አጥቂ አላን ሺረር በስሙ ሸላች ነው፤ በግ የሚሸልት ወይም የሱፍ ጨርቅ ጠጉር የሚከረክም። ዎከር የሚለው ስም «ተራማጅ» ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ድሮ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ እንዲጠብቅና እንዲወፍር ውኃ ውስጥ ተነክሮ በእግር ይረገጥ ነበር። ይህን የሚሠራው ሰው በሰሜን እንግሊዝ ዎከር፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ ታከር ይባል ነበር። ሥራው አንድ፣ ስሙ ሦስት። ዌብስተርና ባክስተር የሚባሉት ደግሞ መጀመሪያ የሴት ባለሙያ ስሞች ናቸው፤ ሸማኔዋና ጋጋሪዋ ማለት። ኋላ ወንዶችም ወርሰዋቸዋል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ጋ ትንሽ መቆም አለበት። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ የሚሉት ቃላት አገር ቤት ለዘመናት ስድብ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። አዋጁም ነገሩን አልነቀለውም፤ ዛሬም በአንዳንድ ቦታ የአንጥረኛ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ሽማግሌ ጉሮሮውን የሚጠርግበት አለ። እንግሊዝ ውስጥ ያው ቃል የሚሊዮኖች መጠሪያ ሆነ። ይህ ግን እንግሊዞች ለባለሙያ ክብር ስለነበራቸው አይደለም። ኖርማኑ ባላባት የርስቱን ስም ሲይዝ ባለሙያው የሥራውን ስም ያዘ፤ ስሙ ራሱ የመደብ ምልክት ነበር። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ ስሙ ሲደርቅ ትርጉሙም አብሮ ደረቀ። ዛሬ ስሚዝ ሲባል የመዶሻ ድምፅ የሚሰማው ሰው የለም።

ታዲያ ስሙ እንዴት ደረቀ? ስሙን ያወጣው ጎረቤት ነው። ያደረቀው ግን ጸሐፊው ነው። መጀመሪያ የርስት ነገር መጣ፤ መሬት የሚወርስ ልጅ የአባቱ ልጅ መሆኑን ለማስመስከር የአባቱን ቅጽል መያዝ ይጠቅመዋል። ቀጥሎ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ግብር። በ1377 ዕድሜው ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ 4 ፔኒ እንዲከፍል ታዘዘ። በ1379 ሌላ ተጨመረ። በ1381 በነፍስ ወከፍ 12 ፔኒ ሆነ። መንግሥት ከዚህ ሁሉ ጆን መካከል የትኛው እንደከፈለና የትኛው እንዳመለጠ ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ጸሐፊዎች በየመንደሩ ዞረው መዘገቡ። የ1379ኙ የዮርክሻየር መዝገብ ዛሬም አለ። ስሙ ስሚዝ ከተባለው ሰው አጠገብ ሥራው ቀጥቃጭ ተብሎ የተጻፈበት ቦታ አለ፤ ስሙና ሰውየው ገና ያልተለያዩበት ዘመን ነው።

በዚያው ግብር ምክንያት በ1381 ገበሬው ተነሥቶ ለንደንን አጥለቀለቃት። መሪው ዋት ታይለር ይባላል። ታይለር የጣራ ሸክላ የሚሠራ ወይም የሚያለብስ ማለት ነው፤ ዋት ደግሞ ዋልተር ሲቆላመጥ። ሰውየው ከንጉሡ ጋር ሊነጋገር ወጥቶ ስሚዝፊልድ ላይ ተገደለ። ግብር ለመሰብሰብ ተብሎ የተመዘገበው ስም ግን ቀረ። በ1400 አካባቢ አብዛኛው እንግሊዛዊ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ነበረው። በ1538 ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲይዝ ሲያዝ ነገሩ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ስም የሚያወጣው ጎረቤት ሳይሆን መዝገብ ነው።

እንግሊዞች ለራሳቸው የሆነውን በጎረቤቶቻቸው ላይ ደገሙት፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ለሐበሻ በጣም ይቀርባል። ዌልስ ውስጥ የሰው ስም ልክ እንደ ኢትዮጵያዊ ነበር። የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት፣ በመካከላቸው «አፕ» የምትል «ልጅ» ማለት የሆነች ቃል። ሰባት ስምንት ትውልድ መደርደር ብርቅ አልነበረም። በ1536ና በ1543 በወጡት ሕጎች ዌልስ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋሐድ የፍርድ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። የእንግሊዝ ጸሐፊ ይህን ሁሉ አባት የሚጽፍበት ትዕግሥት አልነበረውም። አፕ ሃወል ፓውል ሆነ። አፕ ሪስ ፕራይስ ሆነ፤ አፕ ሪቻርድ ፕሪቻርድ፣ አብ ኦወን ቦወን። አንድ ዌልሳዊ ባላባት የአባቶቹን ስም ደርድሮ ሲጠራ የሰሙት ጳጳስና ገዢ ሮውላንድ ሊ ተሰላችተው «በመኖሪያህ ስም ተጠራ» እንዳሉትና ሞስቲን የሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ስሙን በዚህ እንዳገኘ እስከ ዛሬ ይተረካል። ኢንየን የሚለው የዌልስ ስም ደግሞ በእንግሊዞች ጆሮ ተጣሞ ለአንዳንዶቹ ኦኒየንስ ሆኗል። ሽንኩርቶች ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምን ተገኘ? ዌልስ በጆንስ፣ በዴቪስና በዊልያምስ ተሞላች። አንድ መንደር ውስጥ ያለው ጆንስ ሁሉ አልለይ ሲል ሕዝቡ ወደ ጥንቱ ዘዴ ተመለሰ፤ «ጆንስ ወተት»፣ «ጆንስ ፖስታ» ማለት ጀመረ። መዝገቡ ሰውን ለመለየት ተብሎ መጥቶ ሰውን መለየት አቃተው።

አየርላንድ ላይ ደግሞ የዌልሱ ዓይነት ግፊት እንኳ አላስፈለገም፤ ቀጥተኛ ትእዛዝ ነው። በ1465 የወጣ ሕግ በደብሊን ዙሪያ በእንግሊዝ ግዛት ሥር የሚኖሩ አይሪሾች የእንግሊዝ ስም እንዲይዙ አዘዘ። ምርጫውንም ሕጉ ራሱ ዘርዝሮ ሰጣቸው፤ የከተማ ስም፣ ወይም ቀለም፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ወይም ሙያ፣ እንደ ስሚዝና አናጺ፣ ወይም የቤት አገልግሎት፣ እንደ ወጥ ቤት። ዛሬ አንድ አይሪሽ ስሙ ብራውን ወይም ስሚዝ ከሆነ ቅድመ አያቱ ቀጥቃጭ ሳይሆኑ አማራጭ ያልነበራቸው ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

«ይሁን፤ ትልልቆቹ ቤተሰቦች ግን የእውነት ስም አላቸው» የሚል ይኖራል። በዳውኒንግ ስትሪት 10 ቁጥር በር የገቡትን ጠቅላይ ሚኒስትሮች እንቁጠር። ሂትለርን ለማባበል ሙኒክ የሄደው ቻምበርሌን በስሙ የጌታ እልፍኝ አስከልካይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የጤና አገልግሎቱን ያቋቋመው አትሊ «ከመስኩ አጠገብ» ነው፤ ቃል በቃል የአድራሻ ስም። ሂዝ የቁጥቋጦ ሜዳ ነዋሪ ነው። ዊልሰን የዊል ልጅ። ወይዘሮ ታቸር በአባታቸው ሮበርትስ ነበሩ፤ ታቸር ያሰኛቸው ባላቸው ነው፤ ትርጉሙም ቤት የሚከድን፣ ሣር ክዳን ሠሪ። ካሜሮን ከስኮትላንድ የመጣ የጎሳ ስም ሲሆን ጠማማ አፍንጫ ማለት ነው ይባላል።

ከሁሉ የሚገርመው ጆንሰን ነው። ቦሪስ ጆንሰን «የጆን ልጅ» ይባል እንጂ በወንድ መስመር ወደ ላይ ሲቆጠር የሚገኘው ጆን ሳይሆን ዓሊ ነው። ቅድመ አያቱ ዓሊ ከማል ኢስታንቡል ውስጥ ጋዜጠኛ፣ ኋላም የኦቶማን መንግሥት የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነበር፤ በ1922 በሕዝብ ተደብድቦ ተገደለ። ልጁ ዑስማን ከማል እንግሊዝ ውስጥ በእናቱ ወገን አደገ፤ ስሙም ዊልፍሬድ ጆንሰን ሆነ፤ ጆንሰንን ያገኘው ከሴት አያቱ ነው። በሐበሻ ወግ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በየትውልዱ ተጽፎ ይታይ ነበር። በእንግሊዝ ወግ ግን «ጆንሰን» ከሚለው ስም በላይ እንግሊዛዊ የሚመስል ነገር የለም፤ አንባቢም ጠርጥሮ አይጠይቅም።

ንጉሣዊው ቤተሰብስ? እስከ 1917 ድረስ ሳክስ ኮበርግ ጎታ የሚባል የጀርመን ቤት ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሞ ሳለ፣ በዚያ ዓመት ሰኔ፣ ጎታ የሚባሉ የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ለንደንን ደበደቡ። በሐምሌ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በአዋጅ የቤታቸውን ስም ዊንዘር አሉት። ከአያት የተወረሰ አይደለም፤ የሚኖሩበት ቤተ መንግሥት ስም ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው በዚያው በዊንዘር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ታሪክ ያለበትን ቦታ ንጉሡ በአንድ ቀን የቤተሰብ ስም አደረጉት፤ ማንም «ሥራችሁን አጠፋችሁ» አላላቸውም። ይልቅ ተጨበጨበላቸው።

ለንጉሥ በአዋጅ የተፈቀደው ለባሪያ በግድ ነበር። በጃማይካ፣ በባርቤዶስና በሌሎቹ የእንግሊዝ ደሴቶች የስኳር እርሻ ላይ የነበሩ አፍሪካውያን ስማቸውን መርከቡ ላይ አጡ። ብዙዎቹ በጌታው መዝገብ ላይ በአንድ ስም ብቻ፣ ከበሬና ከበቅሎ ጋር በአንድ ገጽ ይጻፉ ነበር። ሲጠመቁ ወይም ነፃ ሲወጡ የቤተሰብ ስም ሲያስፈልጋቸው ብዙዎች የያዙት የእርሻውን ባለቤት ወይም የተቆጣጣሪውን ስም ነው። በ1833 ባርነትን የሚሽረው ሕግ ሲወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተከፈለ፤ ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለባለቤቶቹ። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ለዚያ የተበደረውን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰው በ2015 ነው። ይህም ማለት በለንደን ከተማ የሚኖር፣ የካሪቢያን ዝርያ ያለው ሠራተኛ፣ ቅድመ አያቱን ለገዛው ሰው የተከፈለውን ካሳ በራሱ ግብር ሲከፍል ኖሯል፤ ምናልባትም የዚያኑ ሰው ስም ተሸክሞ። ማልኮም የአባቱን «ሊትል» ጥሎ ኤክስ የሚል ምልክት ብቻ ያስቀመጠው፣ ካሲየስ ክሌይ በ1964 መሐመድ ዓሊ ነኝ ያለው የዚህ ሁሉ መልስ ነበር። ክሌይ በነገራችን ላይ የሸክላ አፈር ማለት ነው፤ አንድ እንግሊዛዊ ገበሬ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ይኖርበት የነበረ መሬት። ያ አፈር አሜሪካ ድረስ ሄዶ በአንድ አፍሪካዊ ዝርያ ላይ ተለጠፈ።

ስለዚህ «ስም ሥርን ይጠብቃል» የሚለው ክርክር በእንግሊዝ ምድር አይቆምም። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዘረ መል ተመራማሪዎች ይህን ፈትሸውታል። ብርቅ የሆነ ስም ያላቸው ወንዶች ብዙ ጊዜ አንድ የጋራ አባት ይገኝላቸዋል። ስሚዝን በመሰለው የተለመደ ስም ግን ሁለት ስሚዞች በአባት መስመር ከማንኛውም መንገደኛ የበለጠ ዝምድና የላቸውም። በ2007 ደግሞ እነዚሁ ተመራማሪዎች ከዮርክሻየር የመነጨ አንድ ብርቅ ስም ያላቸው፣ መልካቸው ነጭ የሆነ ወንዶች ከምዕራብ አፍሪካ በቀር በሌላ ቦታ ብዙም የማይታይ የአባት ዘር ምልክት እንዳላቸው ደረሱበት። ቢያንስ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አንድ አፍሪካዊ አባት በዚያ ስም ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ስሙ አልነገራቸውም። ደማቸው ነው የነገራቸው።

አገር ቤት ግን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ የገጠር አዛውንት የሰባት አባቶቹን ስም ያለ ወረቀት ይጠራል፤ ለንደን ያለው ሚስተር ስሚዝ የቅድመ አያቱን የራስ ስም ለማወቅ ገንዘብ ከፍሎ መዝገብ ያስፈትሻል። ሥሩ የጠፋበት የትኛው ነው?

የሴቷ ነገር ደግሞ አለ። በእንግሊዝ የጥንቱ ሕግ ያገባች ሴት ከባሏ ጋር አንድ አካል ናት፤ አካሉም ባልየው ነው። እስከ 1870ና 1882 ሕጎች ድረስ ንብረቷ የእሱ ነበር፤ ስሟም አብሮ ሄደ። የሚገርመው፣ ስሙ ከመድረቁ በፊት እናቶችም በስም ውስጥ ቦታ ነበራቸው። ቲሎትሰን የማቲልዳ ልጅ ነው። ማዲሰን የሚለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም የሞድ ልጅ ማለት ነው፤ ሞድ ሴት ናት። መዝገቡ ሲቆለፍ ይህ በር ተዘጋ። ሐና ግርማ አበበን አግብታ ሐና ግርማ ሆና መቅረቷን ኋላ ቀርነት የሚል ሰው ካለ፣ ብዙ እንግሊዛውያት ዛሬ ያንኑ መብት ለራሳቸው እያስመለሱ መሆኑን ልብ አላለም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የእንግሊዝ ስም ውሸት ነው የሚል አይደለም። ስሚዝ ለስሚዝ ስሙ ነው፤ ይወደዋል፣ ይሞትለታልም። ችግሩ የአንድ አገር የግብር ታሪክ የፈጠረው ሳጥን የዓለም ሕዝብ ሁሉ ተፈጥሮ ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ መግባቱ ነው። ሳጥኑ የማይችለውን ሰው ይቆርጠዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲያሸንፍ የውጭ ጋዜጠኛ «ገብረሥላሴ አሸነፈ» ሲል ያሸነፉት አባቱ ይሆናሉ። ጥሩነሽና ገንዘቤ ሲሮጡ «የዲባባ ቤተሰብ» ይባላል፤ ዲባባ አባታቸው ናቸው፣ ልጆቻቸው ደግሞ ዲባባ አይባሉም። ኃይለ ማርያም ተሰንጥቆ «ሚስተር ማርያም» የተባለበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። እስራኤል ደግሞ ከበረራው እንደወረዱ ጸሐፊ ፊት ቀርበው የራሳቸው ስም በዕብራይስጥ የተለወጠ፣ የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም የሆነባቸው ብዙ ናቸው። የሮውላንድ ሊ ጠረጴዛ አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረው።

ሳጥኑ ግን የግድ አይደለም። አይስላንድ በኑሮ ደረጃዋ ከእንግሊዝ አታንስም። በ1925 ባወጣችው ሕግ አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከልክላ በአባት ወይም በእናት ስም መጠራትን አስቀጥላለች። የስልክ ማውጫዋ በራስ ስም ተራ የተጻፈ ነበር። ፕሬዚዳንት የሚሆነውም ሰው በራስ ስሙ ይጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርም «ዶክተር ቴድሮስ» ሲባሉ ሰማይ አልተደፋም፤ የውጭ ጋዜጦችም ጠቅላይ ሚኒስትሩን «አቢይ» ብለው መጻፍ ችለዋል። ሲፈለግ ይቻላል።

ወደ መዝጋቢዋ እንመለስ። ብዙ ሐበሻ የማያውቀው፣ መዝጋቢዋም ካልተጠየቀች የማትናገረው አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ልጅ የአባቱን ወይም የእናቱን ላስት ኔም እንዲይዝ የሚያስገድድ ነገር የለም። ወላጆች የፈለጉትን ስም ማስመዝገብ ይችላሉ። ያደገ ሰውም ለማጭበርበር እስካልሆነ ድረስ ስሙን መለወጥ ይችላል። ሐበሻው እንደ ድንጋይ የፈራው ሳጥን ለባለቤቶቹ እንኳ ድንጋይ አይደለም።

ስለዚህ አበበና ሐና ሦስት መንገድ አላቸው። «ተሰማ» ማለት ይችላሉ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ስሙ እንደ ስሚዝ እንደሚደርቅ አውቀው ይበሉ። ሁለቱ ተስማምተው ለልጆቻቸው ሁሉ የሚሆን አንድ ስም መምረጥም ይችላሉ፤ የሐና አባት ስም ቢሆንም ክልክል አይደለም። ወይም በአገር ቤቱ ወግ ልጁን «አበበ» ብለው አስመዝግበው፣ እናትየው ስትጓዝ የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ ከፓስፖርቶቹ ጋር ትይዛለች። የሦስተኛው ዋጋ በዓመት አንዴ ድንበር ላይ የሚባክን አምስት ደቂቃ ነው። ለዚያ ዋጋ የአባቱን ስም በስሙ ላይ የያዘ ልጅ ይገኛል። ሦስተኛው ይሻላል። የአያቱ ስም ገብረ ወይም ወልደ ያለበት ደግሞ አንድ ላይ፣ ክፍተት ሳይተው ያስጽፍ፤ አለዚያ ልጁ ትምህርት ቤት «ሚስተር ሥላሴ» ተብሎ ይጠራል።